የሥጋ ቆራጭ ሙያ በኢትዮጵያ

ሥጋ ቆራጭ የታረደን ከብት ሥጋ በብልት በብልቱ የሚለይ፣ ከአጥንት የሚያላቅቅና መዝኖ ለተመጋቢ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። የሚሠራበት ሱቅ ልኳንዳ ወይም ሥጋ ቤት ይባላል። ሙያው በሁሉም አገር ያለ ቢሆንም በኢትዮጵያ ሁለት ነገሮች የተለየ መልክ ሰጥተውታል። የመጀመሪያው፣ ከሚሸጠው የበሬ ሥጋ ብዙው በቁርጥ፣ በጎረድ ጎረድና በክትፎ መልክ ጥሬውን ወይም ለብ ብሎ የሚበላ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ልኳንዳው በጾም ምክንያት በዓመት ውስጥ ብዙ ቀናት የሚዘጋ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ወደ ሙያው ሲገባ የሚማረው አብዛኛው ነገር፣ ማለትም በሬ መምረጥ፣ ንጽሕና መጠበቅና ገንዘብ መቆጠብ፣ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመነጭ ነው።

ስያሜና የሥራ ክፍፍል

ልኳንዳ የሚለው ቃል ሎካንዳ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ እንደሆነ ይታሰባል። የጣልያንኛው ትርጉም የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን በአማርኛ ግን ሥጋ የሚሸጥበትን ቤት ብቻ ያመለክታል። አንዳንድ ሰዎች ሉካንዳ ብለውም ይጽፉታል።

በሥጋ ንግድ ውስጥ የተለያየ ስም ያላቸው ሰዎች ይሳተፋሉ። አራጅ ከብቱን የሚያርድ ነው። ገፋፊ ቆዳውን ከሥጋው የሚለይ ነው። ሥጋ ቆራጭ በልኳንዳው ውስጥ ቢላዋ የሚይዘው ሲሆን፣ ባለ ልኳንዳ ወይም ልኳንዳ ነጋዴ የሚባለው የሱቁ ባለቤት ነው። በትንንሽ ከተሞች አንድ ሰው ሁሉንም ሥራ ደርቦ ሊሠራ ይችላል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ግን እርዱ በቄራ፣ ሽያጩ በልኳንዳ ስለሚከናወን ሥራው ተለያይቷል። በብዙ ልኳንዳዎች ከሥጋ ቆራጩ አጠገብ ጥብስ የሚጠብስና የሚያስተናግድ ሠራተኛም ስለሚኖር ሱቁ ሥጋ መሸጫም ምግብ ቤትም ይሆናል።

ቅርጫና የቤት እርድ

ልኳንዳ ከመስፋፋቱ በፊት ሰው ሥጋ የሚያገኘው በአብዛኛው በቤት እርድና በቅርጫ ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም በገጠርም በከተማም አለ። ቅርጫ ማለት ጎረቤቶች፣ ዘመዶች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ገዝተው፣ አርደው በእኩል የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ነው። በተለይ ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ ይዘወተራል።

የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ መደብ ይባላል። ሥጋው በኪሎ ሳይመዘን በዓይን ስለሚከፈል፣ ከፋዩ ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ መደብ ቆርጦ ማድረስ አለበት። አንዱ መደብ ሻኛ ደርሶት ሌላው አጥንት ብቻ ቢደርሰው ቅሬታ ይነሳል። ስለዚህ መደቦቹ ከተዘጋጁ በኋላ ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ይለያል። ከፋዩ የትኛው መደብ ለራሱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሁሉንም እኩል ለማድረግ ይጥራል። ብዙ ሥጋ ቆራጮች ቢላዋ መያዝ የጀመሩት ታላላቆቻቸውን በቅርጫ ላይ እያገዙ ነው።

በሬ መምረጥ

የልኳንዳ ሥራ የሚጀምረው በከብት ተራ ነው። በአብዛኛው የኢትዮጵያ የከብት ገበያ በሬ የሚሸጠው በሚዛን ሳይሆን በዓይን ግምት ሲሆን፣ በገዥና በሻጭ መካከል ደላላ ይገባል። ስለዚህ ገዥው የከብቱን ክብደት፣ ዕድሜና ጤንነት በማየትና በመዳሰስ ማወቅ ይኖርበታል።

ሥጋ ለመያዙ ምልክት የሚሆኑት ሻኛው፣ የጎድኑ ሽፋን፣ ሽንጡና የጭራው ሥር ናቸው። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ በሬው ከስቷል። የጭራው ሥር ግራና ቀኝ በስብ ከሞላ ደግሞ በደንብ ተቀልቧል ማለት ነው። ዕድሜ በጥርስ ይታወቃል። ከብት በፊት ለፊት የታችኛው መንጋጋ 8 ቋሚ ጥርሶች የሚያወጣው በጥንድ በጥንዱ ሲሆን፣ 8ቱም ከወጡ እንስሳው በአብዛኛው ከ4 ዓመት በላይ ነው። የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመትም ይቻላል።

ለልኳንዳ የሚፈለገው በአብዛኛው ሰንጋ፣ ማለትም ተኮላሽቶ የተቀለበ በሬ ነው። በቀለቡ ዝነኛ ከሆኑት አንዱ የሐረር ሰንጋ ነው። ገበሬው በሬውን በቤቱ አጠገብ አስሮ የማሽላና የበቆሎ አገዳ እያቀረበ ስለሚያደልበው ጮማ ይበዛዋል። የቦረና ከብት ደግሞ በግጦሽ የሚያድግ ሲሆን በሥጋ ምርቱ ይታወቃል። በደጋው አገር የሚታረደው በሬ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ሲያርስ የቆየና ከዚያ ለጥቂት ወራት የተቀለበ ነው።

የግምቱ ሒሳብ

በግምት ላይ የሚፈጠር ትንሽ ስህተት ምን ያህል እንደሚጎዳ በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከበሬው የቁም ክብደት ወደ ሥጋነት የሚለወጠው አጥንቱን ጨምሮ ግማሽ ገደማ ነው። ቀሪው ቆዳ፣ ጭንቅላት፣ እግር፣ ደም፣ የሆድ ዕቃና ፈርስ ነው።

አንድ ነጋዴ በሬው 320 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብሎ ገምቶ ገዛ እንበል። ግማሹ 160 ኪሎ ይሆናል። ሥጋው ተሰቅሎ ሲያድር ከሚተነው እርጥበት 3 ኪሎ፣ ለአጥንትና ለሚወገድ ጅማት ደግሞ ከ160ው ሩብ፣ ማለትም 40 ኪሎ ቢቀነስ 117 ኪሎ የሚሸጥ ሥጋ ይቀራል። በሬው በእውነት የሚመዝነው 288 ኪሎ ከሆነ፣ ማለትም ግምቱ በ10 በመቶ ብቻ ከተሳሳተ፣ በተመሳሳይ ስሌት የሚገኘው 105 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 12 ኪሎ ነው። ነጋዴው ወጪውን ሸፍኖ የሚተርፈው የ12 ኪሎ ዋጋ ከነበረ፣ ትርፉ ገና በሬው ከገበያ ሳይወጣ አልቋል። በልኳንዳ ሙያ ገንዘብ የሚገኘውም የሚጠፋውም በግዥ ላይ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

እርድና ምርመራ

በከተሞች ለሽያጭ የሚቀርብ ከብት በቄራ መታረድ ይኖርበታል። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት በከተማዋ ትልቁ ሲሆን፣ ቄራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቄራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 ለሽያጭ የሚቀርብ ሥጋ በባለሙያ እንዲመረመር ሕጋዊ መሠረት ጥሏል።

ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ከእርድ በፊት የሚደረግ ሲሆን የታመመ፣ ትኩሳት ያለው ወይም የደከመ ከብት ይለያል። ሁለተኛው ከእርድ በኋላ የሚደረግ ነው። መርማሪው ምላስ፣ የጉንጭ ጡንቻ፣ ልብና የወርች ሥጋ ላይ በቢላዋ ሰንጥቆ የኮሶ ትል እጭ መኖሩን ያያል። ሳንባንና ዕጢዎችን ለሳንባ ነቀርሳ፣ ጉበትን ለጉበት ትል ይፈትሻል። በኢትዮጵያ ቄራዎች ጉበት በብዛት የሚወገድበት አንዱ ዋና ምክንያት የጉበት ትል ነው። ምርመራውን ያለፈ ሥጋ ላይ ማኅተም ይደረጋል። በልኳንዳ ውስጥ በተሰቀለው ሥጋ ላይ የሚታየው ቀለም ይህ ማኅተም ነው።

እርዱ ብዙ ጊዜ ማታና ሌሊት ይከናወንና ሥጋው በመኪና ተጭኖ ማለዳ ለልኳንዳዎች ይከፋፈላል። ሥጋ ቆራጩ የሥራ ቀኑን የሚጀምረው ይህን ሥጋ ተቀብሎ በመንጠቆ ላይ በመስቀል ነው።

የሥጋ ብልቶች

ደንበኛ ወደ ልኳንዳ ሲገባ የተሰቀለውን ሥጋ አይቶ በጣቱ እያመለከተ የሚፈልገውን ያስቆርጣል። ሥጋ ቆራጩ የብልቶቹን ስም፣ ቦታቸውንና ለምን ዓይነት ምግብ እንደሚሆኑ ማወቅ አለበት። አጠራሩ ከቦታ ቦታ የተወሰነ ልዩነት ቢኖረውም በብዛት የሚታወቁት የሚከተሉት ናቸው።

ሻኛ፦ በበሬው ትከሻ ላይ ያለው ጉብታ ነው። ጮማው የበዛ በመሆኑ ለቁርጥ ይመረጣል።

ፍሪምባ፦ የደረት ሥጋ ነው። ስብና ሥጋው ተደራርቦ ይገኛል።

ጎድን፦ ከጎን አጥንት ጋር ያለው ሥጋ ነው። ለጥብስና ለቅቅል ይሆናል። አጠገቡ ካለው ዳቢት ጋር ሲወጣ ጎድን ተዳቢት ይባላል።

ሽንጥ፦ ከጎድን በኋላ በወገብ በኩል ያለው ለስላሳ ሥጋ ነው።

ጭቅና፦ በወገብ አጥንት ሥር የሚገኝ፣ ጅማት የሌለው፣ በጣም ለስላሳና መጠኑ ጥቂት የሆነ ሥጋ ነው። ለጥብስ ይፈለጋል።

ታላቅና ታናሽ፦ ከኋላ እግር የሚወጡ፣ ስብ የማይበዛባቸው ቀይ ሥጋዎች ናቸው።

ወርች፦ የፊት እግር ሥጋ ነው። ጅማት ስለሚበዛበት ለወጥ ይመረጣል።

ቅልጥም፦ መቅኔ ያለው የእግር አጥንት ነው። ለቅቅልና ለሾርባ ይሆናል።

ለክትፎ የሚያስፈልገው ጅማትና ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ነው። ለቁርጥ ግን ብዙ ሰው ቀዩና ጮማው የተቀላቀለበትን ይወዳል። ጥሩ ሥጋ ቆራጭ የሚለየው በጭቅና አይደለም፤ ጭቅና ራሱን ይሸጣል። የሚለየው አንገቱንና ወርቹን ለየትኛው ደንበኛ፣ ለየትኛው ወጥ እንደሚሆን ነግሮ እስከ ማታ መሸጥ በመቻሉ ነው። በሬው የሚገዛው በሙሉ ስለሆነ ሥጋውም በሙሉ መሸጥ አለበት።

መሣሪያዎች

የሙያው ዋና መሣሪያ ቢላዋ ነው። አብዛኛው ሥጋ ቆራጭ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ይይዛል፦ ሥጋን ከአጥንት ለማላቀቅ ቀጭንና አጭር፣ ለመቁረጥ ደግሞ ረጅምና ሰፊ። በተጨማሪ ቢላዋ መሳያ ሞረድ፣ አጥንት መስበሪያ መጥረቢያ ወይም መጋዝ፣ መክተፊያ ግንድ፣ መንጠቆና ሚዛን ያስፈልጋሉ።

የተሳለ ቢላዋ ከደነዘ ቢላዋ ይልቅ ለሠራተኛው አደጋው ያነሰ ነው። የደነዘው ጉልበት ስለሚፈልግ ሲያመልጥ በኃይል ያመልጣል። ቢላዋው ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ መቆረጥ ይኖርበታል። የእንጨት ግንድ በቢላዋ ሲሰነጣጠቅ በስንጥቆቹ ውስጥ ደምና ስብ ስለሚቀመጥ በየዕለቱ ተፍቆ በፈላ ውሃ መታጠብ አለበት።

ጥሬ ሥጋና ጤና

ሥጋ በሚበስልበት አገር የሥጋ ቆራጩ ስህተት ብዙ ጊዜ በምድጃው ላይ ይታረማል። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ሲበላ ግን ከሥጋ ቆራጩ እጅ በኋላ የሚያርመው ነገር የለም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሥጋ ቆራጭ በሕዝብ ጤና ላይ ያለው ኃላፊነት ከፍ ያለ ነው።

በጣም የታወቀው ችግር ኮሶ ነው። ትሉ በሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል። ዑደቱ እንዲህ ነው፦ ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ በሣር ላይ ይቀራሉ። ከብት ሣሩን ሲበላ እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጩ በጡንቻው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ፣ ውሃ የቋጠረች ነጭ እንክብል ትመስላለች። ሰው ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ያድጋል። ርዝመቱም ብዙ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ትሉም፣ አበባው እንደ መድኃኒት ሲጠጣ የኖረው ዛፍም በአማርኛ አንድ ስም ይዘው ኮሶ መባላቸው ችግሩ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ያሳያል። ከኮሶ ዛፍ ሌላ እንቆቆና መተሬ በባህላዊ መድኃኒትነት ያገለግላሉ። ዛሬ በጤና ተቋማት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ይሰጣሉ።

የቄራ ምርመራ እጩን ሁሉ አያገኝም፤ መርማሪው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ብቻ ስለሚሰነጥቅ ጥቂት እጭ ያለበት ከብት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሥጋ ቆራጩ ሁለተኛ መርማሪ ነው። ሥጋውን በስስ በስሱ የሚቆርጠው እሱ በመሆኑ እንክብሏን ካየ ሥጋውን ከሽያጭ ማንሳት አለበት። ቁራጭ ሥጋን ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የተፈጨን ሥጋ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ማብሰል እጩን ይገድላል።

ሁለተኛው ችግር ባክቴሪያ ነው። የጤነኛ ከብት ጡንቻ ውስጡ ንጹሕ ነው። ባክቴሪያ የሚመጣው በአብዛኛው ከቆዳው፣ ከፈርሱ፣ ከቢላዋውና ከእጅ ነው። ምቹ ሙቀት ያገኘ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ሊባዛ ይችላል። በዚህ ስሌት አንድ ባክቴሪያ በ6 ሰዓት ውስጥ 18 ጊዜ በእጥፍ ተባዝቶ 262,144 ይሆናል። ብዙ ልኳንዳዎች ሥጋውን ያለ ማቀዝቀዣ ሰቅለው ስለሚሸጡ ያላቸው መከላከያ ፍጥነትና ንጽሕና ነው፤ ማለዳ የመጣው በዕለቱ እንዲያልቅ መጠኑን መገመት፣ ገንዘብ የሚቀበለውን ሰው ሥጋ ከሚነካው መለየት፣ የሆድ ዕቃን ከሥጋው አርቆ ማስቀመጥ።

ሦስተኛው አባ ሰንጋ ነው። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከሌላ ቀዳዳው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው ከብት በዚህ በሽታ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል መገፈፍም መቆረጥም የለበትም። ሬሳው ሲከፈት የበሽታው ተህዋስ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ይሸፍንና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በርካሽ የቀረበ፣ ማኅተም የሌለው ሥጋ ምንጩ እንዲህ ያለ ከብት ሊሆን መቻሉ ከሕገ ወጥ እርድ መራቅ የሚያስፈልግበት ትልቁ ምክንያት ነው።

ሃይማኖትና የሥጋ ገበያ

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በልማድ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ክርስቲያን አራጅ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ ይባርካል፤ ሙስሊም አራጅ ቢስሚላህ ይላል። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ቄራ የክርስቲያንና የሙስሊም እርድ በተለያየ ክፍል ይከናወናል። ልኳንዳዎችም በበራቸው ወይም በመስኮታቸው ላይ የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክት ያደርጋሉ። ወደ ሙያው የሚገባ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው በራሱ እምነት ተከታዮች ልኳንዳ ነው።

የጾም ቀናትና ገቢ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት አሏት። ከእነዚህ ውስጥ በልኳንዳ ላይ ጎልተው የሚታዩት ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾምና በነሐሴ የሚጾመው 15 ቀን ፍልሰታ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ልኳንዳ በየቀኑ ይከፈታል።

ረቡዕና ዓርብ በዓመት 104 ቀን ገደማ ናቸው። በበዓለ ሃምሳ ያሉት 14 ቀናት ሲቀነሱ 90 ይቀራሉ። በዐቢይ ጾም ውስጥ ያሉትን 16 ረቡዕና ዓርቦች ሁለት ጊዜ ሳንቆጥር 39 ቀን፣ ከፍልሰታም በተመሳሳይ መንገድ 11 ቀን ገደማ ይጨመራል። ድምሩ 140 ቀን ገደማ ይሆናል። የነቢያትና የሐዋርያት ጾም ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል። የቤት ኪራይ ግን ለ365 ቀን ይከፈላል። ልኳንዳው 225 ቀን ብቻ ከሠራ፣ እያንዳንዱ የሥራ ቀን የ1.6 ቀን ያህል ኪራይ መሸከም አለበት።

ከፍተኛው ሽያጭ የሚገኘው በዐቢይ ጾም ዋዜማ በሚውለው ቅበላ፣ በፋሲካ፣ በገና፣ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀልና በቅዳሜና እሑድ ነው። በዐቢይ ጾም አንዳንድ ልኳንዳ ነጋዴዎች ሱቁን ያድሳሉ፤ ሌሎች በምግብ ቤታቸው የጾም ምግብ ይሸጣሉ። ተቀጣሪ ሥጋ ቆራጮች ደግሞ ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ ወይም ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። በጾም ወራት ደመወዝ ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚለውን አንድ ጀማሪ ሲቀጠር አስቀድሞ መስማማት አለበት። በሙስሊም ልኳንዳዎች ደግሞ በረመዳን ግብይቱ ወደ አመሻሽ ይዞራል፤ ከዓመቱ ትልልቅ የእርድ በዓላት አንዱ ዓረፋ ነው።

ወደ ሙያው መግባት

ሥጋ ቆራጭነት በኢትዮጵያ በአብዛኛው የሚወረሰው በትምህርት ቤት ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ ነው። ጀማሪው የሚገባው በዘመድ ወይም በአገር ልጅ ዋስትና ሲሆን፣ ደረጃዎቹ በተለምዶ የሚከተሉት ናቸው።

መጀመሪያ ረዳት ይሆናል። ያጥባል፣ ይጠርጋል፣ ሥጋ ከመኪና ያወርዳል፣ ለደንበኛ ያደርሳል። በዚህ ጊዜ ቢላዋ ባይሰጠውም የብልቶቹን ስምና የደንበኞቹን ምርጫ ይለያል። ቀጥሎ አጥንትና ጅማት መለየት፣ የጥብስ ሥጋ መክተፍ ይፈቀድለታል። የተሳሳተ ቁራጭ ለጥብስ ስለሚሆን በዚህ ላይ ኪሳራው ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ሥጋ በየብልቱ ማውጣትና ደንበኛ ፊት ቆሞ መቁረጥ ይጀምራል። መጨረሻ የሚማረው በሬ መግዛት ነው፤ ስህተቱ በጣም ውድ ስለሆነ አሠሪዎች ይህን ሥራ ለሌላ አሳልፈው አይሰጡም።

ሌላው መንገድ የኤክስፖርት ቄራ ነው። በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ ያሉ ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ እያቀዘቀዙ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ይልካሉ። በእነዚህ ቦታዎች ሥራው በመስመር የተከፋፈለ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁርጥ ሊሠራ ይችላል። ሙሉ ሙያውን ባያስተምርም የንጽሕና ደንብና የቅዝቃዜ አያያዝን ከልኳንዳ በተሻለ ያስተምራል። በሥጋ ምርመራ በኩል መሥራት የሚፈልግ ደግሞ የእንስሳት ሕክምና መማር ይኖርበታል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 በቢሾፍቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተከፍቷል።

የራሱን ልኳንዳ የሚከፍት ሰው የንግድ ምዝገባ፣ የንግድ ሥራ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ይመራል። ሥጋ የሚነኩ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ማስረጃ መያዝ አለባቸው። ሱቁም የሚታጠብ ግድግዳና ወለል፣ በቂ ውሃ፣ የዝንብ መከላከያና ቢቻል ማቀዝቀዣ ሊኖረው ይገባል። ከገንዘቡ ውስጥ ለመጀመሪያው በሬ ብቻ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ለሚመጣው ረጅም ጾም የሚሆን ኪራይና ደመወዝ መቀመጥ አለበት። በቅበላ የተገኘው ገንዘብ እስከ ፋሲካ የሚያደርስ ስንቅ ነው።

የሥራው አደጋዎች

በጣም የተለመደው አደጋ የቢላዋ ቁስል ነው። ቢላዋ በማይዘው እጅ ላይ የሚጠለቅ የብረት መረብ ጓንት ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። ከባድ ሥጋ መሸከምና ቀኑን ሙሉ መቆም የወገብ ሕመም ያመጣል። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ እንደ ብሩሴሎሲስ፣ አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎች በተለይ አራጆችንና ገፋፊዎችን ያሰጋሉ። በእጁ ላይ ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉ ሳይሸፈን ሥጋ መንካት የለበትም፤ ይህ ለሠራተኛውም ለተመጋቢውም ጥበቃ ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ ለቁርጥና ለክትፎ የሚሆን ሥጋ የሚሸጡ የኢትዮጵያውያን መደብሮች አሉ። በአሜሪካ ለሽያጭ የሚቀርብ የበሬ ሥጋ እ.ኤ.አ. በ1906 በወጣው የፌዴራል የሥጋ ምርመራ ሕግ መሠረት ተመርምሮ ስለሚመጣ፣ በዚያ ያለ ሥጋ ቆራጭ በሬ ገበያ አይወርድም። የሚገዛው ተመርምሮ የቀዘቀዘ ሥጋ ነው። በእስራኤል ደግሞ በኢትዮጵያ ሳለ የራሱ የእርድ ሥርዓት የነበረው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ሥጋ የሚገዛው በአብዛኛው በአገሪቱ የኮሸር ሥርዓት መሠረት ነው።

በእነዚህ አገሮች የግዥው ግምትና የጾም መዘጋቱ ቢቀልም የብልት ዕውቀቱ እንዳለ ይቀጥላል። በውጭ አገር የበሬ አቆራረጥ የሚለየው በአብዛኛው ለምድጃ በሚመች መንገድ ስለሆነ ሻኛን፣ ፍሪምባንና ጎድን ተዳቢትን በኢትዮጵያ ልማድ ማውጣት የሚችል ሰው ተፈላጊ ነው። ይህን ዕውቀት ይዞ የሚገኘው ደግሞ በአገሩ ልኳንዳ ወይም በቅርጫ ላይ የተማረ ሰው ነው።